ስም ያልተጠራበት ሥጋ

ወንድሜን የገደሉት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ በሚሠራበት ቄራ በር ላይ፣ በራሱ መሥሪያ ቤት መንጠቆና ሰንሰለት ገደሉት። ስለ እሱ ዛሬ በጸሎት ቤት የሚተረከውን ሰምቻለሁ፤ የልጆች ማስፈራሪያ ሆኗል። አንድ ከሃዲ አራጅ ነበረ፣ ሰው መርዞ ፈጀ፣ ፈጣሪም ቀጣው ይባላል። ውሸት ነው። እኔ በአንድ ማህፀን ያደርን እህቱ ነኝ፤ ዕድሜዬንም እዚያው ቄራ ጨጓራና አንጀት ሳጥብ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ወንድሜ ማውራት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ይስማና ከዚያ የፈለገውን ይስበክ።

ቤት ውስጥ «እስቲ» ነበር የምንለው፤ ቃሏ ከአፉ ስለማትጠፋ። እሳት ይፋጃል ሲሉት «እስቲ» ብሎ ጣቱን ይሰዳል፣ ውሻው ተናካሽ ነው ሲሉት «እስቲ» ብሎ ይጠጋል። ጣቱ ተጠብሷል፣ ባቱንም ውሻው ዘንጥሎታል። ሌላ ልጅ ቢሆን ይማርበት ነበር። እሱም ተምሯል፤ የተማረው ግን እሳት እንደሚፋጅ እንጂ መጠየቅ እንደማያስፈልግ አይደለም።

አባታችን እዚያው ቄራ አራጅ ነበር። የቄራው ደንብ አራጁ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት ድምፁን አውጥቶ የፈጣሪን ስም እንዲጠራ ነው። ስም ያልተጠራበት ከብት ደሙ ተሟጦ አይወርድም፣ ሥጋው ሳያድር ይጠቁራል፣ የበላውንም ሰው ይገድላል ይባላል። ማን ሞክሮ አየው? ማንም። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የተቀበልነው ነገር ነው፤ የተቀበሉትን ደግሞ አገላብጦ የሚያይ ባለጌ ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ወንድሜ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ፣ አንድ ቀን ራት ላይ፣ «አባዬ፣ አንድ ቀን ስሙን ሳትጠራ እረድና እስቲ እንየው» አለ። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ በዘለበቱ በኩል አዞረው። የመጀመሪያው ምት ቅንድቡን ተረተረውና ደሙ ሾርባው ውስጥ ተንጠባጠበ። ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ነበር። ነገሩ ሲበርድ እናታችን ቁስሉን በጨርቅ ይዛ «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችው። «እሺ እማዬ፣ አባዬ ግን አልመለሰልኝም» አላት። በዚህ ደግሞ እሷም በጥፊ ደገመችው።

ከዚህ ተነስቶ «ያኔውኑ ከሃዲ ነበር» የሚል ይኖራል። አልነበረም። አድጎ ከአባታችን ጎን ቢላዋ ሲይዝ ስሙን ከልቡ ነበር የሚጠራው። የጸሎት ቤቱን ደጃፍ የሚጠርገው እሱ፣ አቅመ ደካሞችን ደግፎ የሚያስገባው እሱ ነበር። እኔ በእንቅልፍ ጸሎት ሳስታጉል የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነበር፤ ለዚያም ብዙ ጊዜ ትራስ ወርውሬበታለሁ። እምነቱን የወሰደበት መጽሐፍ ወይም ክፉ ጓደኛ አይደለም። አንድ ለቅሶ ነው።

የእርዱ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መሃል ለመሃል የደም ቦይ ይሄዳል። ከብቱ በጠባብ የብረት መተላለፊያ እየተገፋ ይመጣል፣ የኋላ እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማንሻው ጎትቶ ሲያነሳው አራጁ ስሙን ጠርቶ አንገቱን ይቆርጣል። አንድ ቀን ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ተከፈተ። ኮርማው ወረደ፣ ዞረ፣ አባቴን ስሙን እየጠራ ሳለ ከብረቱ አጥር ጋር አጣበቀው። ቀንዱ ከጎድኑ በታች ገብቶ ወደ ላይ አነሳው። ወንድሜ አንገቱ ላይ ተንጠላጥሎ ጉሮሮውን እስኪቆርጥ ድረስ አባቴን ደጋግሞ ከወለሉ ጋር አፈረጠው። እኔ ከጎን ባለው ክፍል የከብት አንጀት ሳጥብ ነበር የተጠራሁት። ስደርስ የአባቴን ሰበሰብኩ።

ለቅሶው ላይ ሰው ተሰብስቦ ምን አለ? «ቃል ውጦ ይሆናል።» እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ጸሎተኛ ሰው፣ ያን ቀን ግን አንድ ቃል ውጦ ይሆናል፤ አለዚያማ እንዴት? ወንድሜ የአባታችን ደም ከጥፍሩ ሥር ገና አልወጣም ነበር። «አጠገቡ ነበርኩ፤ እስከ መጨረሻው ጠርቷል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አላቸው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ሐዘን ጆሮን ይደፍናል» አሉት። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ዕለት ማድቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የነገረኝን አልረሳውም። «አየሽ፣ ሥጋው ደህና ከሆነ ስሙ ስለተጠራ ነው። ሥጋው ከተበላሸ በደንብ ስላልተጠራ ነው። ጠሪው በቀንድ ተወግቶ ከሞተ ደግሞ ቃል ውጦ ነው። በየት በኩል ይሸነፍ ይሄ ነገር? ምን ቢሆን ነው ተሳስተናል የምንለው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። አባቱን ከገደለው ኮርማ ይልቅ አባቱን ያሙት ሰዎች የጎዱት ይመስለኛል።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ፣ ሥራ ግን አይቀርምና እንደ ዲዳ ቆሞ ያርድ ጀመር። ደሙ ወረደ። ሥጋው አልጠቆረም። ሌላ ሰው ቢሆን «ልብን የሚያይ አምላክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ድምፁ ከተመለሰ በኋላ «እስቲ» አለ። እኩል ዕድሜ ካላቸው፣ በአንድ ቀን ከሚታረዱ ከብቶች በአንዱ ስሙን ይጠራል፣ በሌላው አይጠራም። ያልተጠራበትን ጭራው ሥር በቢላዋ ጫፍ ጭረት ያደርግበትና ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ያሰቅላቸዋል። ጠዋት ገብቶ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ያሸታል። ከዚያ ከባለ ጭረቱ ቆርጦ ወስዶ ብቻውን ጠብሶ ይበላል። ሥጋው ለሌላ ሰው ከመውጣቱ በፊት ይቀምሰዋል፤ ሞት ካለበት መጀመሪያ የእኔ ይሁን ብሎ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድም ቀን ሆዱን ሳይቆርጠው ሲቀር፣ መጥቶ ነገረኝ።

በእጄ ጭልፋ ነበር፤ በጭልፋው አናቱን አልኩት። «አባታችን ያንተን ጉድ ሳያይ መሞቱ!» አልኩ። አናቱን እያሻሸ «የለም አላልኩሽም እኮ። ከብቱን የሚገድለው ቢላዋው ነው፣ ሥጋውን የሚጠብቀው ብርዱ ነው ነው ያልኩሽ» አለ።

«ታዲያ ብትጠራው ምን ትከስራለህ?» አልኩት።

«ልቤ የሌለበትን ስም እያንዳንዱ ከብት ላይ ብጠራ፣ እሱ ቢኖር መስደብ አይሆንብኝም?» አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ። እስካሁንም የለኝም፤ እኔ ደግሞ አማኝ ነኝ።

«ለማንም እንዳትናገር ማል» አልኩት።

«በምን ልማል?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፣ አምላክ ይቅር ይበለን። በኋላ በእናታችን ማለ። ከዚያ ወዲያ ማንሻው እየጮኸ፣ ሰንሰለቱ እየተንቋቋ ማን ምን እንዳለ ስለማይሰማ፣ ወንድሜ ዝም ብሎ አርዶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሆነ። እንዲህ ዓመታት አለፉ። ሰው ተዳረ፣ ሰው ወለደ፣ ሁሉም ከእጁ በላ።

ባሌን ወደ ቤታችን ያመጣው እሱ ነው። አብሮት የሚያርድ ሰው ነበር፤ ጉልበተኛ፣ ቸር፣ ምላሱ ግን የሚይዘው። ቄራው ውስጥ «ተብታባው» ነው የሚሉት። ስሙን ሊጠራ ሲነሳ የመጀመሪያዋ ፊደል ከንፈሩ ላይ ትቀራለች። ቢላዋውን ከፍ አድርጎ፣ ላቡ እየወረደ፣ የመጨረሻዋ ቃል እስክትወጣ ድረስ ይጠብቃል እንጂ አይቆርጥም። ሥራው ይቆማል፣ ኃላፊው ይሳደባል፣ ቆዳ ገፋፊዎቹ «በሬው በእርጅና ሊሞት ነው» እያሉ ይስቃሉ። ወንድሜ አይስቅም ነበር፤ ዝም ብሎ የእሱን ድርሻ ከብቶች ወደ ራሱ ይስባል። «ይሄ ሰውዬ ያመነበትን ነገር ሰው እየሰደበውም አይተውም፤ ከሱ የተሻለ ባል አታገኚም» አለኝ። አገባሁት። ስለ ወንድሜ ዝምታ ግን ለባሌ አልነገርኩትም፣ ልቡ ይሰበራል ብዬ።

በአንድ በጋ የማቀዝቀዣው ክፍል ሞተር ቆመ። እኔ ያወቅሁት በዝንቡ ነው፤ እዚያ ክፍል ዝንብ ገብቶ አያውቅም ነበር። ወንድሜ ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው «ይጠገናል፣ እስከዚያ በሩን ዘግታችሁ ያዙ» አለ። ወንድሜ ተመልሶ ሄዶ «ሥጋው እየላበ ነው፣ መውጣት የለበትም» ቢለው፣ «አንተ አራጅ ነህ ወይስ መካኒክ? ሥራህን ሥራ» ብሎ መለሰው። በነጋታው መኪናው መጥቶ ሥጋውን ጫነ። የሄደው ለሠርግ ነበር።

ሠርገኛው ጨፍሮ ሳይጨርስ መውደቅ ጀመረ። በደም የተቀላቀለ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ቃጠሎ። የሙሽራዋ እናት ልጇን ሳትሸኝ ሞተች። ሕፃናት ሞቱ። ሽማግሌው ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው እየተመላለሱ ሲያስቀብሩ ዋሉና፣ አፈሩ ገና እጃቸው ላይ እንዳለ፣ «የሆነ ቦታ ስሙ ጎድሏል። ፈልጉት» አሉ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ያን ቀን ትንንሽ ሬሳዎችን በገዛ እጃቸው ነው ወደ ጉድጓድ ያወረዱት። ሰው ግን ፈልጉ ሲባል ሩቅ አይሄድም። ምላሱ የሚይዘው አራጅ ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

በማግስቱ ቀትር ላይ የቄራውን በር ገንጥለው ገቡ። ከፊት የሙሽራው ወንድሞች ነበሩ። ባሌን በላስቲክ ሽርጡ ጎትተው፣ በደሙ ቦይ ላይ እያንሸራተቱ፣ ከበሩ ውጭ አወጡትና አፈር ላይ አንበረከኩት። ሽማግሌው ከኋላ እየሮጡ «ረጋ በሉ፣ እንጠይቀው» ይላሉ፤ ድምፃቸውን የሚሰማ የለም።

«ጥራ» አለው የሙሽራው ታላቅ ወንድም። «ስሙን ጥራ፣ እኛም እንስማህ።»

ባሌ በሰላሙ ቀን እንኳ የሚታገለው ነገር ነው። አፉን ከፈተ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል መጣች፣ እዚያው ቀረች። በቡጢ መቱት። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ያዘው፣ እንደገና መቱት። ፊደሏ በያዘችው ቁጥር ይመቱታል፣ በመቱት ቁጥር ይብስ ይይዘዋል። አንዱ ሰንሰለት አምጥቶ በጀርባው አወረደበት። ጥርሶቹ ከምራቁ ጋር ወጡ፤ ከዚያም በተሰበረ አፉ ስሙን ሊጠራ ይሞክራል፣ ደሙ ግን ይቀድመዋል። እኔ የማጠቢያውን ባልዲ ይዤ ገባሁባቸው፣ አንዱን ፊቱን አልኩት። ከኋላ ፀጉሬን ይዘው ጣሉኝ፣ አንድ እጅ አፌን ደፈነው። ነከስኩት፤ የሥጋውን ጣዕም እስካሁን አውቀዋለሁ። እጁ ግን አልተነሳም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ያን ቀን በዓይኔ ፊት ሆነ።

ወንድሜ ያኔ ነው የወጣው። ቢላዋውን ውስጥ ትቶ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ቢላዋ የያዘን ሰው ማንም ቆሞ አያዳምጥም ብሎ ነው የተወው። ቢይዘው ይሻል ነበር። የመኪና መጫኛው ደረጃ ላይ ወጥቶ እንደ ነጋዴ እጁን አጨበጨበ፤ ሰው ዞረ።

«ተዉት። እሱ በሕይወቱ አንድ ከብት ሳይጠራ አላረደም። የማልጠራው እኔ ነኝ» አለ። «አባቴ ከሞተ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ነው የተውኩት፣ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ ቄራ ከበላችሁት ግማሹ የእኔ እጅ ነው። አንተ ልጅህን የዳርክበት በሬ የእኔ ነው። አንቺ ከወሊድ የተነሳሽበት መረቅ የእኔ ነው። ማን ታመመ? ስም አለመጠራት የሚገድል ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ የምትቆሙ አትኖሩም ነበር። የገደላችሁ ሙቀት ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር ቆሟል። ኑ፣ ግቡና በራሳችሁ አፍንጫ አሽትቱ።»

 ማንሻው እንኳ ቆሞ ስለነበር ዝንቡ ይሰማ ነበር። የወንድሜን ፊት አየሁት፤ ተስፋ ነበረው። እያሰቡ ነው ብሎ ነበር። በልጅነቱ ራት ላይ ያልተመለሰለትን ጥያቄ ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው አብሮት እየመዘነው መሰለው። ወንድሜ በደንብ የተያዘ ሂሳብ ሰውን ሁሉ ያሳምናል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ከእኔ እምነት ይልቅ የእሱ እምነት የባሰ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

እነሱ የሰሙት «የማልጠራው እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኃላፊው ከኋላ በኩል፣ ከቢሮው በር ላይ፣ «በራሱ አፍ አመነ፣ ሰማችሁ» ሲል ሰማሁት። የማቀዝቀዣው ክፍል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌው እየገፉ ወደ ፊት መጡ፤ ደረጃው ሥር ቆመው አንጋጠጡ። «ልጄ፣ ስማኝ። ለአማችህ ስትል የተናገርከው ነው በል። ውሸቴን ነው በል። እኔ ከፊትህ እቆማለሁ።» ከልባቸው ሊያተርፉት ነው የፈለጉት።

ወንድሜ ባሌን አየ። ባሌ በአራት እግሩ ቆሞ ደም እየተፋ ነበር። «አባት፣ ውሸቴን ነው ካልኩ ወደ እሱ ይመለሳሉ» አላቸው።  ሕዝቡ ሽማግሌውን እንደ በር ገፍትሯቸው አለፈ።

ከደረጃው በእግሩ ስበው ጣሉት፣ አናቱ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ያኔ የሙሽራው ታላቅ ወንድም እጁን አነሳና አስቆማቸው። መንጠቆ አንስቶ ባሌ እጅ ውስጥ አስጨበጠው። «አንተ ንጹሕ ነህ አይደል? እንግዲያው አንተ ጀምር። አለዚያ አንድ ናችሁ» አለው። ባሌ መንጠቆውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ አፌ በሰው እጅ ተደፍኖ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አይሆንም ማለቴ ነበር። በኋላ ስንነጋገር፣ እሺ ያልሽኝ መሰለኝ ብሏል። ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዓይኑ ተዘግቶ ነበር።

ትከሻው ላይ መታው። እንዳይሞት ብዬ ነው ትከሻውን የመረጥኩት ይላል፤ ይህንንም አምነዋለሁ። መንጠቆው ከአንገቱ አጥንት ሥር ገብቶ ተቀረቀረ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየው፤ ምንም አልተቆጣም። «ሂድ፣ ግባ ወደ ውስጥ» አለው። ከወንድሜ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ወረደበት፤ ሰንሰለት፣ ቦት ጫማ፣ የበሩ ብረት። ቢላዋ የሚይዝበትን እጅ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ሰባበሩት። በሬን ሳያሠቃይ የሚገድል ሰው ነበር፤ እሱን እንደዚያ የገደለው አልነበረም። የተገላገለው ከስንት ቆይታ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ፀጉሬን ሲለቁኝ ፊቱን የማውቀው በቅንድቡ ጠባሳ ብቻ ነበር።

ፖሊስ ዘግይቶ መጥቶ ሬሳው እስኪመረመር የትም አይሂድ አለ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ ከሥጋ መስቀያዎቹ ሥር፣ ሸራ ላይ። በነጋታው መርማሪው በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። «ይሄ ክፍል አይሠራም እንዴ?» አለ። ወንድሜ ለሕዝቡ ሊያስረዳ የሞከረውን፣ ሞቶ ለአንድ ሰው አስረዳው። ያ ሰው ጻፈ ወይም አልጻፈ አላውቅም። ማን መታ ሲባል ያየ ሰው አልተገኘም። ያን ሁሉ ሰው ያን ቀን ዓይኑን አሞት ነበር።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው አዲስ ሞተር አስመጥቶ አስገጠመ። ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ ዝንቡ ጠፋ፣ ሥጋው ደህና ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም አልታመመም። ሰውም አየ፦ ከሃዲው ተወገደ፣ መቅሠፍቱ ቆመ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ወንድሜ ቢሰማው ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ሁለቱንም፣ እሱን መግደሉንም ሞተር መቀየሩንም፣ በአንድ ሳምንት አድርገው ሞተሩን ረስተው እሱን ብቻ ቆጠሩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ስንት ጊዜ አደርኩ፣ የጠራልኝ ነገር የለም።

እርዱ ክፍል ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ አራጁ ስሙን ሲጠራ እስከ ጎዳና ይሰማል። ከሁሉም የሚጮኸው ባሌ ነው። ሰው ስለ ባሌ ሲያነሳብኝ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እያለ ይተርታል። እኔን ጅብ አልመጣብኝም፣ የመጣው በወንድሜ ነው። አልፈታሁትም። የምሄድበት አጥቼ አይደለም። ወንድሜ በደሙ የገዛውን ሰው ሜዳ ላይ ልጥለው አልቻልኩም።

ጨጓራ ከማጥብበት ቦታ የእርዱ ክፍል በመስኮት ይታያል። ሰሞኑን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ መጀመሪያ አላመንኩም፣ ወንድሜ እንደሚያደርገው ደጋግሜ አየሁት። ባሌ ድሮ የመጨረሻዋ ቃል እስክትወጣ ቢላዋውን ይዞ የሚጠብቀው ሰው፣ አሁን አይጠብቅም። ቢላዋው ይቀድማል። ከብቱ ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው ድምፅ ማጉያው ውስጥ ስሙን የሚጮኸው። ለሰው ጆሮ ብቻ ነው የሚጮኸው ማለት ነው።

ማታ ሲገባ እጁን ሳይታጠብ ጠየቅሁት። «ሞተሩን ማን አስገባው?» አልኩት።

«እ... እኛ። እኔና ገ... ገፋፊዎቹ ነን ተሸክመን ያስገባነው» አለ። እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፤ ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

«ስሙንስ ሳትጠራ ነው የምትቆርጠው።»

 የተሰበሩት ጥርሶቹ ቦታ ላይ ምላሱን እያንቀሳቀሰ ወለሉን አየ። «ያ... ያኔ ስጠራው፣ አ... አፈር ላይ ተንበርክኬ፣ ል... ልቤ ሙሉ ነበር። ማ... ማንም አልመጣም። የ... የመጣው ወንድምሽ ነው» አለኝ።

«ታዲያ አሁን ለምን ትጮሃለህ?»

«ላ... ላንቺ ስል ነው። ባ... ባል እንዳታጪ።»

ባል ካጣሁ ቆይቻለሁ አልኩት። ከዚያ ውሃ አምጥቼ እጁን አስታጠብኩት፣ ራቱንም አቀረብኩለት። እሱ በላ፣ እኔ ጸለይኩ፤ ድምፄን ግን አላወጣሁም።